ሴኔድ፦ በዌልስ የሕዝብ እንደራሴ ሥራ

ሴኔድ የዌልስ ፓርላማ ነው። መቀመጫው ካርዲፍ ነው። ስሙን እንደ አገሬው ልጥራ ካሉ ግን የመጨረሻው ድምፅ «ድ» አይደለም። ምላስን በጥርስ መሀል አድርጎ የሚወጣ፣ ወደ «ዝ» የሚያደላ ድምፅ ነው። ፊደላችን ስለሌለው በ«ድ» እንለፈው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዌልስ ሕዝብ ከ3 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከሰሜን አየርላንድ ጋር በአንድ መንግሥት ሥር ነው የሚኖረው። የራሳችን ምክር ቤት ይኑረን ወይ የሚለው ጥያቄ በ1979 ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። ድምፅ ከሰጡት ከአምስት ሰው አራቱ «ይቅርብን» አሉ። በ1997 እንደገና ተጠየቁ። አሁን «ይሁን» ያሉት 50.3 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ 6,721 ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ስታዲየም እንኳ የማይሞላ ሰው ነው የአገሩን ነገር የወሰነው።

ምክር ቤቱ በ1999 ሥራ ጀመረ። ያኔ ጥርስ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ራሱን የቻለ ሕግ ማውጣት አይችልም ነበር። በ2011 ሕዝቡ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ 63.5 በመቶው ሙሉ የሕግ አውጪነት ሥልጣን ይሰጠው አለ። የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ2020 ነው።

የሴኔድን ክርክር ለመከታተል አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማን ሥልጣን የት እንደሚያበቃ። ጤና፣ ትምህርት፣ መኖሪያ ቤት፣ ትራንስፖርትና የአካባቢ አስተዳደር የካርዲፍ ጉዳዮች ናቸው። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ ኢሚግሬሽንና አብዛኛው የማኅበራዊ ድጎማ በለንደን እጅ ነው። ለምሳሌ ዌልስ ውስጥ የሴቶች እስር ቤት የለም። የተፈረደባት ሴት ወደ እንግሊዝ ትላካለች፤ ልጆቿ ሊጠይቋት ድንበር ተሻግረው ይሄዳሉ። የሴኔድ አባል ይህን ማንሳት ይችላል። መወሰን ግን አይችልም። ያቺው ሴት ስትፈታ ቤት የሚፈልግላት ደግሞ በካርዲፍ ሕግ የሚሠራው የአካባቢዋ አስተዳደር ነው። አንድ ሰው፣ ሁለት መንግሥት። መብት ነክ ጉዳይ ይዞ የሚነሳ እንደራሴ «ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም» የሚለውን መልስ ስንቴ እንደሚሰማ መገመት ነው።

አዳራሹ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። የሪቻርድ ሮጀርስ ንድፍ ሲሆን፣ በ2006 መጋቢት 1፣ በዌልሶች የቅዱስ ዴቪድ በዓል ዕለት ተመረቀ። ግንቡ መስታወት፣ ወለሉ የዌልስ ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው እንጨት ነው። አባላቱ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ተመልካቹ ከላይ ሆኖ በመስታወት ቁልቁል ያያቸዋል። የፈለገ አባል በዌልስኛ ይናገራል፤ ያልገባው የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ በእንግሊዝኛ ይሰማል። ቀልድም ሲነገር ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ ከሚያውቁት፣ ቀጥሎ ትርጉሙ ከደረሳቸው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የዌልስ መንግሥት መሪ ለጥያቄ ይቀርባል። ጠያቂዎቹ አስቀድመው በዕጣ ይወጣሉ፤ ጥያቄያቸውም በጽሑፍ ይገባል። በወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ እንቅልፍ ያመጣል፤ «መንግሥት የአምቡላንስ አገልግሎትን ለማሻሻል ምን እያደረገ ነው» ዓይነት ነው። መሪው የተዘጋጀውን መልስ ያነባል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባሉ ተከታይ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው፣ ይህኛው ደግሞ በጽሑፍ አይገባም። እዚህ ላይ ነው ወለል ላይ ወድቀው አምቡላንስ ሲጠብቁ ያደሩ አዛውንት ታሪክ የሚነሳው። ታሪኩ ከአቤቱታ አቅራቢ ቤት የመጣ ነው፤ እንደራሴው በምርጫ ክልሉ ቢሮ ሲሰማው የሰነበተ። ልምድ ያለው አባል ያንን ተከታይ ጥያቄ ያጥረዋል። የረዘመ ጥያቄ ለመሪው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋልና።

ጥያቄ ግን ጥያቄ ነው። ሥልጣን የሌለው ተራ አባል ሕግ እስከማውጣት የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው፤ እሱም በዕጣ ነው። አንዳንዴ ግን ይሠራል።

ክርስቲ ዊልያምስ በዚህ ትጠቀሳለች። የብሬከንና ራድኖርሻየር ተወካይ ነበረች። የምትመራው የሊበራል ዴሞክራቶች ቡድን በ2011 ምርጫ ያገኘው አምስት ወንበር ነው። በእንግሊዝ በስታፎርድ ሆስፒታል የተደረገው ምርመራ በ2013 ሲወጣ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ በሽተኛ ምን እንደሚደርስበት አገር ሁሉ ሰማ። ዊልያምስ ዕጣ ደርሷት ስለ ነርሶች ቁጥር ረቂቅ ሕግ አቀረበች። ረቂቁ በኮሚቴ ብዙ ተፈተነ። በ2016 ጸደቀ። ሆስፒታሎች በቂ ነርስ እንዲመድቡ በሕግ ያስገደደ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው ሕግ ተብሎ ይጠቀሳል።

ብዙ ሰው ሕጉ «ለአንድ ነርስ ይህን ያህል በሽተኛ» የሚል ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለበትም። አዋቂዎች ተኝተው በሚታከሙባቸው የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ በየፈረቃው ስንት ነርስ እንደሚያስፈልግ ሆስፒታሉ ራሱ ማስላት አለበት። ስሌቱ ሦስት ነገር ያያል፤ የባለሙያውን ፍርድ፣ የበሽተኞቹን የሕመም ክብደት፣ እንዲሁም የበሽተኛ መውደቅን፣ የመኝታ ቁስልንና የመድኃኒት ስህተትን የመሰሉ ምልክቶች። ከዚያ ያንን ቁጥር ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰድ፣ ለበሽተኞቹም ማሳወቅ ግዴታው ነው። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ስንት ነርስ ሊኖር ይገባ እንደነበር ካወቀ፣ ስንት እንዳለ ለመቁጠር ሌላ ሰው አያስፈልገውም። በ2021 ሕጉ ወደ ሕፃናት ክፍሎችም ሰፋ። ቀጣሪው ነርስ ካላገኘ ሕግ ብቻውን ነርስ አይወልድም የሚሉም አሉ፤ ሐሰት አይደለም።

አን ጆንስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት የጠየቀ ጉዳይ ነበራት። ወደ ፖለቲካ ከመግባቷ በፊት በእሳት አደጋ አገልግሎት የጥሪ መቀበያ ክፍል ሠርታለች። ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ሲደውል የምትሰማው እሷ ነበረች ማለት ነው። የፈለገችው ነገር ቀላል ነው፤ አዲስ ቤት ሁሉ እሳት ሲነሳ ከጣሪያው ራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ይኑረው። ችግሩ በ2007 ምክር ቤቱ እንዲህ ያለ ሕግ ለማውጣት መጀመሪያ ከለንደን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ፈቃዱ ብቻ ዓመታት ፈጀ። ሕጉ በ2011 ወጣ። በሁሉም አዲስ መኖሪያ ቤት ላይ መሥራት የጀመረው በ2016 መባቻ ነው። የቤት ሠሪ ኩባንያዎች ወጪው በዛብን ብለው ተከራክረዋል።

የሕፃናት መብት የዌልስ ፖለቲካ ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር ነው። ምክንያትም አለው። በሰሜን ዌልስ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ለዓመታት የተፈጸመ ጥቃት በ2000 በወጣ የምርመራ ሪፖርት ተጋለጠ። በማግስቱ ዓመት ዌልስ የሕፃናት ኮሚሽነር ሾመች፤ በዩናይትድ ኪንግደም የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2011 ሚኒስትሮች የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እንዲያገናዝቡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከ2022 መጋቢት ጀምሮ ደግሞ ወላጅ ልጁን በጥፊም ሆነ በቁንጥጫ «ለቅጣት ነው» ብሎ መምታት አይችልም። በኩርኩም ላደግን ሰዎች ነገሩ ትንሽ ይገርማል።

ሕዝቡም ቁጭ ብሎ አያይም። 250 ፊርማ ያሰባሰበ አቤቱታ በኮሚቴ ይታያል። 10,000 ከደረሰ ደግሞ በአዳራሹ ለክርክር መቅረቡ ይታሰብበታል። በመስከረም 2023 በመኖሪያ ሰፈሮች የመኪና ፍጥነት ከ30 ማይል ወደ 20 ማይል ሲወርድ የተቃውሞ ፊርማው ከ460,000 በለጠ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሴኔድ አይቶ አያውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ማን ተቀምጧል የሚለውም ራሱን የቻለ የመብት ታሪክ ነው። በ2003 ምርጫ ሴቶች 30፣ ወንዶች 30 ሆኑ፤ በዓለም እኩል የሆነ የመጀመሪያው ሕግ አውጪ ምክር ቤት። በአንጻሩ ነጭ ያልሆነች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ናታሻ አስጋር፣ የተመረጠችው ገና በ2021 ነው። እኩልነቱ ለሁሉም እኩል አልመጣም። ዛምቢያ የተወለደው ቮን ጌቲንግ በ2024 የመንግሥት መሪ ቢሆንም ወራት ብቻ ነው የቆየው። እሱን የተካችው ኤሉኔድ ሞርጋን በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ካርዲፍ፣ ኒውፖርት ወይም ስዋንሲ ለሚኖር ሐበሻ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በ2020 የወጣው ሕግ 16 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች ብቻ አይደለም ለሴኔድ ምርጫ ያበቃው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውን የውጭ ዜጎችንም ጨምሮ ነው። ፓስፖርቱ ገና የኢትዮጵያ የሆነ ሰው፣ ፈቃድ ካለውና ከተመዘገበ፣ ይመርጣል። ለለንደኑ ፓርላማ ግን አይችልም። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ደግሞ ለሁለቱም አይችልም።

በ2024 የወጣ ሌላ ሕግ ከ2026 ምርጫ ጀምሮ ወንበሩን ከ60 ወደ 96 አሳደገ። አገሩ በ16 ሰፋፊ የምርጫ ክልሎች ተከፈለ፤ ከእያንዳንዱ ስድስት አባል ይወጣል። ድምፅ ሰጪው የሚመርጠው ፓርቲ ነው፤ ከዝርዝሩ ማን እንደሚገባ በቅደም ተከተል የወሰነው ፓርቲው ነው። በፊት «የኛ ሰፈር ተወካይ» ብሎ በስም የሚጠራት ሴትዮ ቢሮ ሄዶ የአምቡላንሱን ነገር የሚናገር ሰው፣ አሁን ስድስት በር አለው። የትኛውን እንደሚያንኳኳ መምረጥ የእሱ ፋንታ ነው።