የስታር ዋርስ መንግሥታት

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ስለ ስታር ዋርስ ስናወራ ጨዋታው የሚጀምረው በብርሃን ሰይፉ ነው። ከዚያ አንዱ "ቆይ ግን፣ ተገንጣዮቹ ምን አጠፉ?" ይላል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

የጆርጅ ሉካስ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዋናው ተከታታይ 9 ክፍል አለው። ፖለቲካው ያለው ግን ከ1999 እስከ 2005 በወጡት ሦስቱ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው "ስብሰባ በዛባቸው" ብሎ ይዘላቸዋል። እኔ የምወዳቸው ለስብሰባው ነው።

ታሪኩ ሲጀምር ብዙ ፕላኔቶችን ያቀፈ አንድ ሪፐብሊክ አለ። መቀመጫው ኮረሳንት ናት፤ ከዳር እስከ ዳር ከተማ የሆነች ፕላኔት። ሴኔቱ ጠቅላይ ቻንስለር ይመርጣል። አባል ፕላኔቶች በየራሳቸው ደንብ ይተዳደራሉ። ናቡ ለምሳሌ ንግሥት አላት፣ ግን ንግሥቷ በምርጫ ነው የምትነግሠው። የንግድ ፌዴሬሽኑ ደግሞ ነጋዴ ሆኖ ሳለ ሴኔት ውስጥ ወንበር አለው። የራሱ ጦርም አለው! በንግድ መስመሮች ላይ ቀረጥ ሲጣል ተቆጥቶ ናቡን ከበበ። ንግሥት አሚዳላ አቤት ብትል ሴኔቱ አጣሪ ይላክ ማለት ጀመረ። እሷም በቻንስለር ቫሎረም ላይ የመተማመኛ ድምፅ እንዲነፈግ ጠየቀች። ወንበሩን የወሰደው የገዛ ፕላኔቷ ተወካይ ፓልፓቲን ነው።

ሪፐብሊኩ ዳር አገር ላይ እጁ አይደርስም። ታቱዊን በምትባል ፕላኔት ላይ የሚያዙት ሀቶች የሚባሉ ወንበዴዎች ናቸው፣ ባርነትም አለ። የሪፐብሊኩ መልእክተኛ ኳይ ጎን የጠፈር መርከብ ዕቃ ሊገዛ 20 ሺህ የሪፐብሊክ ገንዘብ ሲያወጣ ባለሱቁ ዋቶ ወዲያው ነው የሚመልሰው። ብሩ ከተቀየረ በኋላ አሮጌ መቶ ብር ይዞ ባጃጅ እንደመሳፈር ነው።

ከሪፐብሊኩ እንውጣ የሚሉት ተገንጣዮች የተነሡት በዚህ መሀል ነው። መሪያቸው ካውንት ዱኩ ሴኔቱ በስብሷል ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩ፣ ከጀርባው ያለው አለቃ ራሱ ፓልፓቲን መሆኑ ነው። ሰውዬው በቀን ሪፐብሊኩን ይመራል፣ በስውር ደግሞ ጠላቱን። ማንም ያሸንፍ ማን፣ እሱ አይከስርም።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን መጣ። አሚዳላ ያኔ ሴናተር ናት፤ ሊገድሏት ስለሞከሩ ተደብቃለች። በእሷ ቦታ የተቀመጠው ቀልደኛው የናቡ ተወላጅ ጃር ጃር ተነሥቶ ሥልጣኑ ለቻንስለሩ ይሰጥ አለ። ሐሳቡ አለፈ። ፓልፓቲን ቀውሱ ሲያልፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር። በክሎን (ከአንድ ሰው በተባዙ) ወታደሮች ጦርነት ከተካሄደ በኋላ ያው ሴኔት ፊት ቆሞ ራሱን ንጉሠ ነገሥት አደረገ። አጨበጨቡለት።

የሚገርመው፣ ሴኔቱ ወዲያው አልተዘጋም። 19 ዓመት ያህል ለስሙ ቆይቷል። የፈረሰው ፕላኔት የሚያፈነዳው ጣቢያ ሲያልቅ ነው፤ የየክልሉ ገዢዎች በቀጥታ ይዘዙ ተባለ። አልደራን የምትባለው ፕላኔት መማሪያ ሆና ጠፋች። በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነሡትን ዓመፀኞች ከሚመሩት መካከል ሞን ሞትማ የቀድሞ ሴናተር ናት፣ የምትፈልገውም የድሮውን ሪፐብሊክ መመለስ ነው።

ከ2015 ጀምሮ የመጡት ፊልሞች ላይ አዲሱ ሪፐብሊክና ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቅሪት የተነሣው ጠላቱ ፈርስት ኦርደር አሉ። ስለ አሠራራቸው የሚነገረን እምብዛም ነው። የአዲሱ ሪፐብሊክ ሴኔት አንድም ስብሰባ ሲያካሂድ ሳናይ፣ ከነመቀመጫው በፈርስት ኦርደር አንድ ተኩስ ይወድማል።