ውሃው በ92 ፈላ፣ ልጆቹ ግን 100 ብለው ጻፉ፦ ስለ ተግባራዊ ሳይንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ይዤ ውሃ አፈላን። ምድጃውና ድስቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ ቴርሞሜትሩን ያነባሉ፣ አንዱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። 88፣ 90፣ 91፣ 92። ከዚያ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ የለም። ደብተር ሰብስቤ ሳርም አብዛኞቹ "ውሃው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈላ" ብለው ጽፈዋል። 92 የሚለው ቁጥር እዚያው ሰሌዳው ላይ ተጽፎ እያለ! አንዲት ልጅ ብቻ ከደብተሯ ግርጌ "ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

አልተበላሸም። 100 የሚባለው በባህር ወለል ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ውሃም 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚያስቸግረውም አንዱ በዚህ ነው፤ ውሃው የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አፋር ወርዳችሁ ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው የዳናኪል ረባዳ ውስጥ ብታፈሉት ደግሞ 100ን ትንሽ ያልፋል።

ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን ትተው የሸመደዱትን ጻፉ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ሙከራ ሰርተን ሙከራውን ካላመንነው ምን ሰራን? ከዚያ ወዲህ ስለ ተግባራዊ ትምህርት ከባልደረቦቼም ከወላጆችም የምሰማቸውን ነገሮች በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ። አንዳንዶቹን እኔ ራሴ ለዓመታት ሳምንባቸው የኖርኩ ናቸው።

"ላቦራቶሪ ከሌለ ምን ተግባራዊ አለ?"

ለከፍተኛ ክፍል ኬሚስትሪ እስማማለሁ። ለአምስተኛና ለሰባተኛ ክፍል ግን ወጥ ቤት ይበቃል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ አልጫ ወጥ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ጠብ ያለው ቢጫ ነው፣ በልብስ ሳሙና ስታሹት ቀይ ይሆናል። እናቶች "ባሰበት" ይላሉ። ያ ቀለም እርድ ነው፤ እርድ ደግሞ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ፣ እንደ ሳሙናና የአመድ ውሃ ያለ) ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል።

አሰራሩ ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በትንሽ ውሃ በጥብጡ፣ ነጭ ወረቀት ንከሩበት፣ አድርቁት፣ በጣት ስፋት ቆራርጡት። በቃ፣ ለስልሳ ልጅ የሚበቃ መፈተሻ ወረቀት አገኛችሁ። የሳሙና ውሃ ጠብ ሲደረግበት ይቀላል፣ የአመድ ውሃም ያቀላዋል። የቀላው ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፣ ክፍሉ በጩኸት የሚናጋው ያኔ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው። እርድ ሎሚንና ተራ ውሃን አይለይም፣ ሁለቱም ላይ ቢጫ ነው። ለዚያ ካርካዴ ይሻላል፤ ሎሚ ሲገባበት ደማቅ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቀጠን አድርጋችሁ አፍሉት እንጂ፣ ካርካዴ ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ ወፍራሙ ያንን ሁሉ አመድ ውጦ ቀለሙ አልለወጥ ይላችኋል። እኔ ላይ ደርሷል፣ ሃያ ደቂቃ አስጨንቆኛል።

"ለትንንሽ ልጆች አደገኛ ነው"

አንዳንዱ አዎ። የግድግዳ ሶኬት አይነካም፣ የባትሪ ድንጋይ አይፈለጥም፣ ሜርኩሪ ያለበት ቴርሞሜትር ክፍል አይገባም፣ የፈላ ውሃ ከአስተማሪው እጅ አይወጣም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ "ከቤት ያገኛችሁትን ፈሳሽ አምጡና እንፈትሽ" ስትሉ በረኪና ይዞ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። ስለዚህ የሚመጣውን እቃ ስም ዘርዝራችሁ እናንተው ንገሯቸው። በረኪና ዝርዝሩ ውስጥ አይኖርም።

"አስተማሪው ፊት ለፊት ሰርቶ ካሳየ በቂ ነው፣ ደግሞስ ስልሳ ልጅ ይዞ ማን ያሰራል?"

ይህን ፈትኑ። ለልጆቹ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የድሮ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን "አምፖሉ እንዲበራ እንዴት ታገናኙታላችሁ? ሳሉት" በሉ። ብዙዎቹ ከድንጋዩ አናት ወደ አምፖሉ ቂጥ አንድ መስመር ይስሉና ጨረስን ይላሉ። ኤሌክትሪክ እንደ ቧንቧ ውሃ ፈስሶ የሚያልቅ ነው የሚመስላቸው። እኔ ፊት ቆሜ ሳበራው ሁሉም "ገባን" ይላሉ፣ ስዕሉን ድገሙት ስላቸው ያንኑ አንድ መስመር ይስላሉ። ራሳቸው ሲይዙት ግን አልበራ ይላቸዋል፣ ያዞሩታል፣ ይነጫነጫሉ፣ ከዚያ አንዱ የአምፖሉን ጎን ከድንጋዩ ቂጥ ጋር በሽቦ አገናኝቶ የአምፖሉን ቂጥ ድንጋዩ አናት ላይ ሲያስነካው ቦግ ይላል። አምፖል ሁለት መነኪያ እንዳለው፣ መንገዱም ዞሮ መመለስ እንዳለበት ያኔ ነው የሚገባቸው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ስልሳ ልጅ በአምስት በአምስት ሲቀመጥ አሥራ ሁለት ቡድን ነው። አሥራ ሁለት ድንጋይና አሥራ ሁለት አምፖል ማለት ነው፣ አምፖሉ ከዓመት ዓመት ያገለግላል። ችግሩ እቃው አይደለም፣ ጎበዝ የሚባለው ልጅ እቃውን ይዞ አራቱ ተመልካች መሆናቸው ነው። እኔ በየሦስት ደቂቃው አጨበጭባለሁ፣ እቃው ወደ ቀኝ ያልፋል። የያዘው ይሰራል፣ ሌላው አፉን እንጂ እጁን አያስገባም። ደግሞ ዘመኑ የኤልኢዲ ነውና ልብ በሉ፣ ነጭ ኤልኢዲ በአንድ ድንጋይ አይበራም፣ ሁለት ይፈልጋል፤ እግሩ ከተገለበጠም አይበራም። ይህን ሳያውቁ ክፍል መግባት ላብ ያስጠምቃል።

"ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት፣ አስተማሪው ዝም ይበል"

ይህ ደግሞ ከስልጠና ይዘነው የምንመጣው ነው። ደስ ይላል ሲሰሙት። ግን እጅ ብቻውን ያሳስታል፣ ለዚህ ከሻማው ሙከራ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ሳህን ላይ ሻማ ታቆማላችሁ፣ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ታበሩትና ብርጭቆ ትደፉበታላችሁ። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። ልጆቹ ምን ይላሉ? "ኦክስጅኑ አለቀ፣ ውሃው ቦታውን ያዘ።" እኔም ስንት ዓመት እንዲህ አስተማርኩ። አየር ውስጥ ካለው አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው፣ ውሃውም ወደዚያ ገደማ ይወጣል፣ አለቀ። ያምራል፣ ስህተት ነው።

ሻማው ሲጠፋ ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ አላለቀም፣ የነደደውም ቢሆን በፋንታው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት ተክቷል። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ነበልባሉ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አየር ያሞቀዋል፣ አየሩ ይለጠጣል፣ ከፊሉ በጠርዙ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ይወጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፣ የውጭው አየርም ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። እንዴት አወቅን? ሁለት ጥያቄ ጠይቋቸው። መጀመሪያ፣ ውሃው በደንብ የወጣው ሻማው እየነደደ ነው ወይስ ከጠፋ በኋላ? ድጋሚ ሰርተው ያያሉ፤ ከጠፋ በኋላ ነው። ቀጥሎ፣ በዚያው ብርጭቆ ሦስት ሻማ ብናደርግስ? ኦክስጅኑ ያው ነው፣ ውሃው ግን ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። እነዚህን ጥያቄዎች ልጆቹ ከራሳቸው አያመጧቸውም። የአስተማሪ ስራ እዚህ ላይ ነው ያለው።

"ሙከራው እምቢ ካለ ተዋረድን"

ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አብቅለን ከስድስቱ ብልቃጥ በአራቱ በሰበሰ። ውሃ አብዝተን አየር አሳጥተነዋል። በማግስቱ ትምህርቱ "ዘር አየር ይፈልጋል ወይ?" ሆነ፣ ከታቀደው የተሻለ ወጣው።

"ጊዜ ይፈጃል፣ ደግሞ ፈተና ላይ አይመጣም"

ጊዜ መፍጀቱ እውነት ነው፣ አልዋሽም። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፣ ስም ጠርተን ልጆቹን እስክናስቀምጥ ሩቡ ይሄዳል። ሁሉንም ርዕስ በእጅ ማስተማርም አይቻልም፤ አቶምን ማንም ክፍል ውስጥ በእጁ አይነካም። መርጦ መስራት ነው። በቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚወስዱም አሉ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፦ እንጨትና ጥላ።

ልጆቹን "ቀትር ላይ ፀሐይ የት ናት?" ብትሏቸው በአንድ ድምፅ "አናታችን ላይ!" ይሏችኋል። አዋቂም እንዲሁ። ስለዚህ ጣሳ ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ኳስ ከማይደርስበት ጥግ። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የቀትር ጥላው 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ሰሜን ያዘነበለ። አናታችን ላይ ብትሆን ኖሮ ምንም ጥላ ባልነበረ። ሌላም ነገር ያገኛሉ፦ ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፣ እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ይለዋወጣል። ሰዓታችን የተቆጠረበት የኬንትሮስ መስመር (ካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰመረው) ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ርቆ በሶማሌ ክልል በኩል ስለሚያልፍ ፀሐይዋ እኛ ጋ ዘግይታ ነው የምትደርሰው።

ጥላው ከጥር ጀምሮ እያጠረ ይመጣል። ልጆቹ ቁጥሩን በየቀኑ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደመና ካልከለከለ፣ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ ጥላው ይጠፋል። ፀሐይ በእውነት አናት ላይ የምትሆነው ያኔና ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው፣ በዓመት ሁለቴ። ከሚያዝያው በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፣ ሰኔ ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ዘንድሮ ጥላው የዞረ ቀን አንድ ልጅ ጣሳውን ያነሳሁት መስሎት "ቲቸር፣ ማን ነው ያዞረው?" ብሎ እየሮጠ መጣ። ደብተሩ ላይ ግን የለካውን ነበር የጻፈው፣ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ደቡብ።