በ11 ክፍል የሚያልቅ ታሪክ፦ የጃፓን የቴሌቪዥን ድራማ

የጃፓን የቴሌቪዥን ድራማን፣ ጃፓኖች ራሳቸው «ዶራማ» የሚሉትን፣ ከብዙው ዓለም ተከታታይ ድራማ የሚለየው ማለቁ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይተላለፋል። አንዱ ክፍል ማስታወቂያው ሲነሳለት 45 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሳምንት ሄዶ ያበቃል። ዓመቱ ለአራት ተከፍሎ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ጣቢያዎቹ ሁሉ አዳዲስ ሥራ ይዘው ይቀርባሉ። ተወደደም ተጠላም፣ ሦስት ወሩ ሲሞላ ለተረኛው ቦታ ይለቃል። አዲስ ተመልካች መጀመሪያ ላይ ይቆጨዋል፤ ከለመደው በኋላ ግን ሌላው ድራማ ሁሉ የተጎተተ ይመስለዋል። እኔንም ያገኘኝ ይኸው ነው።

ስርጭቱ የተጀመረው በ1953 ነው (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው ቆጠራ ነው)። በዚያው ዓመት የሕዝቡ ጣቢያ ኤንኤችኬ ቀድሞ፣ ኒፖን ቴሌቪዥን የተባለው የመጀመሪያው የንግድ ጣቢያ ከወራት በኋላ ተከትሎ ሥራ ጀመሩ። ከሦስት ወሩ ሕግ ውጪ የሚሄዱ ሁለት የታወቁ ዓይነቶች አሉ፤ ሁለቱም የኤንኤችኬ ናቸው። አንደኛው በ1961 የተጀመረው፣ አሁን በየጠዋቱ 15 ደቂቃ የሚታየው «አሳዶራ» ነው፤ የጠዋት ድራማ ማለት ነው። ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ አንዱ ታሪክ ግማሽ ዓመት ይቆያል። ተራኪ ድምፅ አለው፤ ዕቃ እያጠበ ወይም ለሥራ እየለበሰ ያለ ሰው ዓይኑን ባይጥልበትም በጆሮው ይከተለዋል። ሁለተኛው «ታይጋ» ይባላል፤ ትርጉሙ ታላቅ ወንዝ ነው። ከ1963 ወዲህ በየእሑዱ ምሽት የአንድ የታሪክ ሰው ሕይወት ዓመቱን ሙሉ ይተረክበታል። እውነቱን ለመናገር ታይጋ አልሆነልኝም፤ መሳፍንቱ ስማቸውን በየጊዜው ስለሚለውጡ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ሳይገባኝ ጦርነቱ ያልቃል።

ከጠዋቶቹ ሁሉ የገነነው «ኦሺን» ነው። ሱጋኮ ሃሺዳ የጻፈችው ይህ ድራማ ከ1983 እስከ 1984 ዓመት ሙሉ በ297 ክፍል ታየ። አማካይ የተመልካች ድርሻው 52.6 በመቶ፣ ከፍተኛው 62.9 በመቶ ነበር፤ በአገሩ የደረሰበት ድራማ የለም። ኦሺን በያማጋታ ገጠር የአንድ ጭሰኛ ልጅ ናት። በቤቱ የሚበላው ሩዙ እንዲበረክት በነጭ ፍጅል የተደባለቀ ምግብ ነው፤ እሱም አይበቃም። በሰባት ዓመቷ ለአንድ ጆንያ ሩዝ ለአንድ ዓመት ገረድነት ትሰጣለች። በበረዶ መሀል፣ በግንድ ታንኳ ወንዙን ይዛ ስትወርድ ወላጆቿ በዳሩ ቀርተው የሚያለቅሱበት ትዕይንት በብዙ አገር ሰው ያስለቀሰ ነው። ጭሰኛ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻም። ድራማው ከ60 በሚበልጡ አገሮች ታይቷል። በኢራን ደግሞ የልባሽ ጨርቅ መሸጫ «ታናኩራ» ተብሎ ቀረ፤ የኦሺን የባሏ ቤተሰብ ስም ታኖኩራ ነበርና።

ዛሬ የምናውቀው የሦስት ወር ድራማ መልኩን የያዘው ገንዘብ በተትረፈረፈበት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የፉጂ ቴሌቪዥን የሰኞ ምሽት ሰዓት የወጣቶች የፍቅር ታሪክ መናኸሪያ ሆነ። በ1991 የታየው «የቶኪዮ የፍቅር ታሪክ» የመጨረሻ ክፍሉ 32.3 በመቶ ደረሰ። ከሥዕላዊ ልብ ወለድ ወደ ድራማ የቀየረው ዩጂ ሳካሞቶ ያኔ 23 ዓመቱ ነበር፤ በ19 ዓመቱ በጣቢያው የወጣት ደራሲያን ውድድር አሸንፎ የገባ ልጅ ነው። እኔ ከጃፓን የድራማ ደራሲያን አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ እሱን እጠራለሁ፤ የምጠራው ግን በፍቅር ታሪኩ አይደለም።

በ2010 «እናት» የተባለውን ድራማ ጻፈ። አንዲት ጊዜያዊ መምህርት ተማሪዋ በቤቷ እንደምትሰቃይ ትደርስበታለች፤ አንድ ሌሊት ልጅቱን በቆሻሻ ከረጢት ታስራ ብርድ ላይ ተጥላ ታገኛታለች። ወደ ፖሊስ አትሄድም፤ ሰርቃት ትጠፋለች፤ ስም ቀይራላት እናት ትሆናታለች። ልጅቱ የምትወዳቸውን ነገሮች የምትጽፍበት ደብተር አላት። የምትጠላውን አትጽፍም። የሚሽከረከር ወንበርን የመሰለ ተራ ነገር በዚያ ደብተር ውስጥ ስናገኘው፣ ምን ያህል እንደተበደለች ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ልጅቱን የተጫወተችው ማና አሺዳ ገና ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር። በ2013 ደግሞ ሳካሞቶ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ባሏ የሞተባትን ወጣት የያዘውን «ሴት» ጻፈ። ሁለቱም አሥራ አንድ አሥራ አንድ ክፍል ናቸው።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። የቱርክ ድራማ ከ2016 ወዲህ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ እየተናገረ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ከቱርክ ድራማዎች አንዳንዶቹ ግን መነሻቸው ጃፓን ነው። «እናት» በ2016 «አኔ»፣ «ሴት» በ2017 «ካዲን» ተብለው በቱርክ ተሠሩ። አሥራ አንዱ ክፍል በ«አኔ» 33፣ በ«ካዲን» 81 ሆነ፤ ያውም የቱርኩ አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ነው። ታዲያ ትርፉን ሰዓት በምን ይሙሉት? በጃፓኑ ባልየው ሞቷል፤ የታሪኩም ክብደት ያረፈው በመሞቱ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ከሞቱ ጀርባ ያለውን እውነት ተቀብላ መኖር አለባት። በቱርኩ ግን ባልየው በሕይወት ተገኘ። ካልተገኘ 81 አይደረስም። ይህን የምለው የቱርኩን ለመንቀፍ አይደለም፤ እሱም ቤተሰብን ሰብስቦ ማስቀመጥ ያውቅበታል። ነገር ግን የክፍሉ ብዛት የታሪኩን ዕጣ እንዴት እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላየሁም።

ጃፓኖች ሲፈልጉ መጮህም ያውቃሉ። «ሃንዛዋ ናኦኪ» የተባለው ድራማ በ2013 በቲቢኤስ ጣቢያ ሲታይ በመጨረሻው ክፍል በቶኪዮ አካባቢ 42.2 በመቶ ተመልካች አገኘ። ፍቅር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ሁሉ ብድር፣ ሒሳብ መዝገብና የአለቃ ተንኮል ነው። ሃንዛዋ አባቱ ባንክ ፊት ነስቶት ራሱን ያጠፋ የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሲሆን፣ አድጎ የባንክ ሠራተኛ ሆኗል። «እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» የምትለው ንግግሩ የአገር መቀለጃ ሆነች። በመጨረሻ አባቱን የበደለውን ሥራ አስፈጻሚ በአመራሩ ሁሉ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ወለል እንዲያስነካ ያስገድደዋል። ሰውየው ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ እያቃሰተ ሲወርድ ካሜራው አይለቀውም። ተመልካቹ ገና በደስታ ሳለ ፕሬዚዳንቱ ሃንዛዋን ይጠራውና የዝውውር ትእዛዝ ያሰማዋል፤ ወደ ቅርንጫፍ ኩባንያ። የሃንዛዋ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ድራማው አለቀ። ቀጣዩ ምዕራፍ የመጣው በ2020 ነው። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያቺን መጨረሻ ያውቃታል።

ጉድለቱን ልደብቅ አልችልም። ብዙው ድራማ የሚቀዳው ከሥዕላዊ ልብ ወለድ ስለሆነ አንዳንዱ ተዋናይ እንደ ሥዕሉ ዓይኑን ያፈጣል፤ አፉን ከፍቶ ይደነግጣል። መቼ ማልቀስ እንዳለብን ሙዚቃው ቀድሞ ይነግረናል። ትወና ሳያውቁ በዘፋኝነት ዝናቸው ብቻ የተመረጡ ወጣቶች ጥሩ ጽሑፍ ሲያበላሹ አይቻለሁ። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ባለታሪኩ ቆሞ ለአምስት ደቂቃ ይመክረናል፤ ይህ በተለይ የሐኪም ቤትና የትምህርት ቤት ድራማ በሽታ ነው። ሌላው፣ ወደ ውጭ ለመውጣት መዘግየታቸው ነው። አገር ውስጥ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላለ ጣቢያዎቹ ብዙ አልተጨነቁም፤ የመብት ጉዳዩም የተወሳሰበ ነበር። ኮሪያውያን ግን ገና ከጅምሩ ለውጭ ገበያ እያሰቡ ሠሩና ቀደሟቸው።

በመጨረሻ የማነሣው ሴራ የሚባል ነገር የሌለውን «ብቸኛው በሊታ»ን ነው። በ2012 በቶኪዮ ቴሌቪዥን፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ በትንሽ ወጪ ተጀመረ። ጎሮ የተባለ ነጋዴ ደንበኛ ያነጋግራል፤ ይወጣል፤ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ራበኝ» ይላል። ካሜራው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰውየው በመንገዱ መሀል ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከዚያ አንድ ተራ ምግብ ቤት ገብቶ ይበላል። መጠጥ አይቀምስም፤ ከማንም ብዙ አያወራም፤ የምንሰማው በልቡ የሚለውን ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው መጀመሪያ ጭንቅ ነው፤ አጉራሽ የሌለው ማዕድ! እኔም ሦስት ክፍል እስካይ ድረስ አዘንኩለት። በአራተኛው ግን ሰውየው ብቸኛ እንጂ የተተወ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ምግቡን እንደ እንግዳ ነው የሚያከብረው።

ከ2017 ጀምሮ በዲሴምበር 31 ምሽት የእሱ ልዩ ዝግጅት ይተላለፋል። በዚያች ሌሊት የጃፓን ቤተሰብ ተሰብስቦ የኤንኤችኬን የዘፈን ውድድር ያያል። በሌላው ጣቢያ ጎሮ ብቻውን ተቀምጦ፣ ኑድሉን በሚሰማ ድምፅ እየሳበ፣ ዓመቱን ይሸኛል።