ግልፍተኛ ውሻ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የግቢ ውሾች ጠባይና በጉርሻ የሚሰጥ ሥልጠና

ግልፍተኛ ውሻ የሚባለው ሌሎች ውሾች ጆሯቸውን ብቻ ቀና አድርገው ለሚያሳልፉት ነገር እጅግ የበዛ ምላሽ የሚሰጥ ውሻ ነው። መንገደኛ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ቆርቆሮውን በመዳፉ ይደበድባል፤ ሌላ ውሻ ሲያይ ሰንሰለቱ እስኪያንቀው ይወነጨፋል፤ ባጃጅ ሲሰማ ድምፁ እስኪሰለል ይጮኻል። በየሰፈሩ እንዲህ ያለው ውሻ «ኃይለኛ» ይባላል፤ በር ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፍለታል። ቃሉ ግን ያሳስታል። አብዛኞቹን የሚያስጮኻቸው ፍርሃት ነው። ጥቂቶቹ ደግሞ ወደሚፈልጉት ነገር መድረስ ስላልቻሉ ይበሳጫሉ። ግልፍተኝነትና ተናካሽነትም አንድ አይደሉም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጮኽ ኖሮ ማንንም ያልነከሰ ውሻ አለ፤ ድምፁን ሳያሰማ የሚነክስም አለ።

ዳርቻውና ውሾቹ

በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ፣ በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ፣ ከዚያም አልፎ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ በኩል ግንባታው ገና አላለቀም። ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶና ፌሮ ሲያወርድ ውሻም አብሮ ያመጣል። ዘበኛው ከምሳው ያካፍለዋል፤ ማታም አብረው ያድራሉ። ሥራው ሲያልቅ ዘበኛው ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ውሻው አንዳንዴ ለባለቤቱ ይቀራል፤ አንዳንዴ ደግሞ የማንም ሳይሆን እዚያው መንደር ውስጥ ይቀራል።

ማታ ከእንጦጦ ጋራና ከየወንዙ ሸለቆ ጅብ ይወርዳል። በአንዱ ግቢ የተጀመረ ጩኸት ሰፈሩን ያዳርሳል። ይህ ግልፍተኝነት አይደለም፤ ውሻው የመጣበት ሥራ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጅቡ ካለፈ በኋላ ነው። የተረጋጋ ውሻ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይተኛል፤ ግልፍተኛው ለእያንዳንዱ ኮሽታ እየተነሣ ሲጮኽ ያነጋል።

ውሻው እንዴት ግልፍተኛ ይሆናል

ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት አንሥቶ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ገደማ ብቻ። በእነዚህ ሳምንታት ሳይጎዳ ያያቸውንና ያሸተታቸውን ነገሮች፣ ሕፃን ልጅን፣ ዣንጥላ የያዘ ሰውን፣ አህያን፣ ሌላ ውሻን፣ እንደ ተራ ነገር ይቆጥራቸዋል። ያኔ ያላያቸው ኋላ ሲመጡ ያስፈሩታል። የሰፈራችን ልማድ የሚጎዳውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቡችላው «እንዲከፋ» ተብሎ ቀን ቀን ይዘጋበታል ወይም ይታሰራል፤ እንግዳ እንዳይነካው ይከለከላል፤ የሚፈታው ማታ ብቻ ነው። ባለቤቱ ጀግና ያሳደገ ይመስለዋል፤ ያሳደገው ግን ሰው የሚፈራ ውሻ ነው። ዘርም ድርሻ አለው፤ ፈሪ ወላጆች ፈሪ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ።

ሰንሰለቱ ነገሩን ያባብሰዋል። የፈራ እንስሳ መጀመሪያ የሚያስበው መሸሽ ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል የቀረው ማስፈራራት ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይታሰበው አስተማሪ በሩ ራሱ ነው። ሰውዬው ማዳበሪያውን ተሸክሞ «ቆራሌው!» እያለ ይቀርባል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ሰውዬው ያልፋል። ያለፈው መንገዱ ስለሆነ ነው፤ ውሻው ግን እኔ አባረርኩት ብሎ ይማራል። ቆጣሪ አንባቢው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ አህያ የሚነዳው ሰው፣ ሁሉም ይመጣሉ፤ ሁሉም ይሄዳሉ። ውሻው ማንም ሳያስተምረው በቀን ብዙ ጊዜ ይህን ትምህርት ይወስዳል፤ ሁልጊዜም «ያሸንፋል»። ከብረት በሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፍ እግር ብቻ የሚታየው ውሻ የባሰ ይረበሻል፤ ማን እንደመጣ የሚለይበት ነገር የለውም። ስለዚህ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት ያን ክፍተት በላሜራ ወይም በጣውላ መድፈን ይጠቅማል። ርካሽ ሥራ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ለውጥ ያሳያል።

ድንጋይም አለ። በሰፈር ልጆች ድንጋይ እየተሳደደ ያደገ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ይበረግጋል፤ ያ ሰው የጫማውን ክር እያሰረ ቢሆንም። ከቤት ቤት እየዞረ የሚለምን የቆሎ ተማሪ ዱላ የሚይዘው ውሻ ስለሚጮኽበት ነው፤ ውሻውም አጥብቆ የሚጮኸው ዱላ ስለያዘ ነው። ይህ አዙሪት ከኮንዶሚኒየሞቹ በፊት የነበረ ነው፤ እስካሁንም ማንም አልሰበረውም።

ደፉ

ስለ ግልፍተኛ ውሻ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ የሚችል ሰው ካለ ይህን ይወቅ። እያንዳንዱ ውሻ እንደ በር ደፍ ያለ ወሰን አለው። ከደፉ ወዲህ ያለ ውሻ የሚረብሸውን ነገር እያየም ይበላል፤ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል። ደፉን ከተሻገረ በኋላ ግን ጥሬ ሥጋ ቢያቀርቡለት አይቀምስም፤ ቢጠሩት አይሰማም። ንቀት ወይም እልኸኝነት አይደለም፤ ሰውነቱ ለጠብ ወይም ለሽሽት ተነሥቷል። ትምህርት የሚገባው ከደፉ ወዲህ ሳለ ብቻ ነው።

ውሻው ወደ ደፉ ሲጠጋ ይናገራል፤ እኛ ነን የማንሰማው። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፤ ሳይደክመው ያዛጋል፤ ፊቱን ያዞራል፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል፤ ድንገት ደርቆ ይቆማል። ጭራ መወዝወዝም ብቻውን የደስታ ምልክት አይደለም። ሽቅብ ተገትሮ በፍጥነት የሚርገበገብ ጭራ ውጥረትን ሊያሳይ ይችላል።

ደፉ ደግሞ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ውጥረት ይደራረባልና። ሌሊቱን ጅብ ሲጮኽበት ያደረ ውሻ፣ ሊነጋጋ ሲል ላሊበላዎች በሩ ላይ ካዜሙ፣ ረፋዱ ላይ የአሸዋ መኪና ከገለበጠ፣ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የሚያውቀው የጎረቤት ልጅ ሲሮጥ ሊዘልበት ይችላል። ቤተሰቡ «ምን ነካው? ይህን ልጅ እኮ ያውቀዋል» ይላል። ልጁ ያደረገው ነገር የለም፤ የመጣው ጽዋው ከሞላ በኋላ ነው።

በጉርሻ ማሠልጠን

ዘዴው የቆመበት ዕውቀት ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሾች ከምግብ በፊት የሚመጣን ምልክት ከምግቡ ጋር አያይዘው ገና ምግቡ ሳይቀርብ ምራቃቸው እንደሚመጣ አሳይቷል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ፣ ከእሱም በኋላ ስኪነር፣ ደስ የሚል ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደጋገም አስረድተዋል። ለግልፍተኛ ውሻ ከሁሉም የሚቀርበው ግን በሕፃን ላይ የተሠራ ሥራ ነው። ሜሪ ኮቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ ጀምራ ቀስ በቀስ አቀረበችለት፤ ፍርሃቱም ለቀቀው። ይህን የጻፈችው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከውሻ ጋር የሚደረገውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

አሠራሩ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ርቀትና ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ውሻው መንገደኛውን እያየ የማይጮኽበት ርቀት ይፈለጋል። ከ100 እስከ 200 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ይህ ከባድ ስለሆነ ከጓሮ፣ ቤቱን ከለላ አድርጎ፣ በድምፅ ብቻ መጀመር ይቻላል። ዳርቻው እዚህ ላይ መሀል ከተማው የሌለው ጸጋ አለው፤ ገና ያልተሠራበት ሜዳ አለ። ማለዳ ውሻውን በረጅም ገመድ፣ በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ በሚታሰር ማሰሪያ ይዞ፣ ሰው ከሩቅ በሚያልፍበት ሜዳ ዳር መቆም ነው። መንገደኛው ብቅ ሲል ጉርሻው ይጀምራል፤ መንገደኛው ሲሰወር ጉርሻውም ያበቃል። መጀመሪያ ሰውዬው፣ ከዚያ ሥጋው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውሻው ሥጋ በወጣ ቁጥር አስፈሪ ነገር ይመጣል ብሎ ይማርና ሥጋውንም መጠርጠር ይጀምራል።

ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ አንድ ቀን ውሻው መንገደኛውን አይቶ ዞር ብሎ ባለቤቱን ያያል። «የታለ ጉርሻዬ?» ማለቱ ነው። የስሜቱ መለወጥ የሚታየው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ርቀቱ በጥቂት እርምጃ ይቀነሳል። ውሻው ከጮኸ ባለቤቱ ቸኩሏል ማለት ነው፤ ሳይቆጡ ወደ ኋላ መመለስ ነው። አንድ ልምምድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጊዜ አጠባበቅ ላይ የአገራችን ተረት ልክ ነው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የዘገየ ጉርሻ ሌላ ድርጊት ይሸልማል። ስለዚህ አሠልጣኞች ትክክለኛዋን ቅጽበት የሚያመለክት አጭር ቃል ይመርጣሉ። «እሰይ!» ጥሩ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ በቁጣም አይባልም። ቃሉ ከተሰማ ጉርሻው ሁልጊዜ መከተል አለበት።

ዱላ፣ አንቆ የሚይዝ ሰንሰለትና በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ ጩኸቱን ሊያቆሙ ይችላሉ። ፍርሃቱን ግን ያባብሱታል፤ መንገደኛ በመጣ ቁጥር አንገቱ የሚያመው ውሻ መንገደኛን የሚጠላበት አዲስ ምክንያት አግኝቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋል በ92 ውሾች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት፣ በአስጨናቂ ዘዴ የሚሠለጥኑት በጉርሻ ከሚሠለጥኑት የበለጠ የውጥረት ምልክት እንዳሳዩ አግኝቷል። በአሜሪካ የእንስሳትን ባህርይ የሚያጠኑ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም ለማንኛውም ውሻ፣ ለተናካሹም ጭምር፣ በሽልማት የሚሰጥ ሥልጠናን ብቻ መክሯል። ማጉረምረምን መቅጣት በተለይ አደገኛ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የተከለከለ ውሻ በቀጥታ ሊነክስ ይችላል።

ጉርሻው ምን ይሁን

የውጭ አገር የውሻ ብስኩት አያስፈልግም። ሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኝ ሳምባ በደንብ ተቀቅሎ እንደ ሽምብራ ፍሬ በትናንሹ ሲከተፍ ለብዙ ቀን ይበቃል። «ተቀቅሎ» የሚለው ቃል ዋዛ አይደለም። በጥሬ ሳምባና ጉበት ውስጥ ያለ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ እጭ ወደ ውሻው ይገባል፤ ከውሻው ሰገራ የሚወጣው እንቁላልም ሰውን ሊይዝ ይችላል። የወጥ ትርፍ ለጉርሻ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ሊወጋ ይችላል።

በጾም ወራት ጥያቄው ይከብዳል። ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ብዙ ቤተሰብም በጾም ድስት ሥጋ ማብሰል አይፈልግም። የተቀቀለ ስኳር ድንችና ካሮት፣ ያለ ጨው የተጋገረ ቂጣ ይሠራሉ፤ ለከባድ ልምምድ ግን ኃይላቸው ደካማ ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ሳምባ ቀቅሎ እንደ ቋንጣ ማድረቅ ይቻላል።

«ጥበቃውን ይተዋል»

ባለቤቶች አዘውትረው የሚያነሡት ስጋት ይህ ነው። ሌባ ሥጋ ቢወረውርለትስ? ግን ለሁሉም የሚጮኽ ውሻ ለሌባ ሲጮኽ ማን ይነሣል? ቆራሌውንም፣ ቅጠሉንም፣ ሌባውንም በአንድ ድምፅ የሚያውጅ ውሻ ቤተሰቡን ያስተኛዋል እንጂ አይጠብቀውም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ከባለቤቱ እጅ የጎረሰ፣ ቀን የሚያልፈውን መንገደኛ የለመደ ውሻ ሌሊት አጥር ለሚዘል ሰው መጮኹን አይተውም። እንዲያውም ጩኸቱ ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው። ፈንጂ የሚፈልጉ አነፍናፊ ውሾችም የሚሠለጥኑት በኳስና በምግብ ነው፤ በሥራቸው ግን የሰው ሕይወት ይታመንባቸዋል።

ሥልጠና የማይመለከተው

ጨዋ የነበረ ውሻ በድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ሐኪም እንጂ አሠልጣኝ አይፈለግም። የጆሮ ቁስል፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ውሻን ያስቆጣሉ። ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አካሄዱ ከተዛባ ወይም ያለ ምክንያት ያገኘውን ከነከሰ የእብድ ውሻ በሽታን መጠርጠር ይገባል፤ ወደ እሱ መቅረብ አይገባም። በበሽታው ሰው ከሚያዝባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላም የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ፣ ወይም የባህል መድኃኒት ስላለ ብሎ መዘግየት ሕይወት ያሳጣል። ውሻው ራሱ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ሊከተብ ይገባል። ንክሻ የሚያሰጋ ውሻ ደግሞ በሥልጠናው ጊዜ ከአፉ ሳይጣበቅ ለማለከለክ ቦታ የሚተው የቅርጫት ዓይነት አፍ መሸፈኛ ቢለምድ መልካም ነው፤ እሱንም በጉርሻ።

ለቡሄ ዝግጅት

በዓመቱ ውስጥ ለግልፍተኛ የግቢ ውሻ ከሚከብዱት ቀናት አንዱ ቡሄ ነው። ነሐሴ ሲገባ ጅራፍ ይጮኻል፤ በ13 ዋዜማም ልጆች በቡድን ሆነው ዱላቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ በር ላይ ይጨፍራሉ። ሥልጠናው ገና በተጀመረበት ዓመት ያን ቀን ውሻውን መፈተን አይገባም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሳይመጡ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወይም ወደ ጓሮ ይወሰድ፤ ራዲዮ ከፍ ብሎ ይከፈትለት፤ የሚልሰው ነገር ይሰጠው። ከቤተሰቡ አንዱ ሙልሙሉን ይዞ ልጆቹን ከበሩ ራቅ ባለ ማዕዘን ላይ ይቀበላቸው፤ ጭፈራውም እዚያው ያልቃል። ከሩቅ የሚሰማው የዱላ ድምፅ ዝቅተኛ ስለሚሆን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለእያንዳንዱ ጭፈራ «እሰይ» እያለ ሳምባውን ማጉረስ ይችላል።