«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ»

ጎንደር ውስጥ የተወሰደ ነገር ለጌታው ሲመለስ ትልልቆቹ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላሉ። ዛሬ ለጠፋ ዕቃም፣ ለተነጠቀ ሹመትም ይነገራል። መጀመሪያ የተነገረው ግን ለመሬት ነው። ያኔ ደግሞ ማጋነን አልነበረም፤ እንደ ሕግ ነበር።

በድሮው በጌምድር ርስት ማለት ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በዘር የሚወርድ መብት ነው። በአባትም በእናትም ይመጣል። የዘር ሐረጉን ቆጥሮ አቅኚው ላይ የደረሰ ሰው፣ አያቶቹ አገር ለቀው የሄዱ ቢሆኑም ተመልሶ «ድርሻዬን» ይላል። ዘመን አለፈ ተብሎ አይከለከልም። እርግጥ ምስክር ማቆም፣ ሽማግሌ ማሳመን፣ ዓመታት መሟገት ነበረበት። ቢሆንም መብቱ በጊዜ ብዛት አይሞትም። «ሺህ ዓመቱ» የመጣው ከዚህ ነው።

አያቴ ይህን ሲያስረዱኝ ወረቀት አላወጡም። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ስም ቆጠሩልኝ። ሰባተኛው ስም ላይ ቆም አሉና በከዘራቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። «ያ ዋርካ ይታይሃል ልጄ? ከሱ ወዲህ የእኛ ነው፣ ከሱ ወዲያ የእነሱ።» ካርታቸው ይኸው ነበር፦ ዛፍ፣ ወንዝ፣ ድንጋይ፣ የሰው ስም።

በሸዋና በደቡብ ብዙ ቦታ መሬት በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ ተለክቶ በጋሻ ተቆጥሯል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይሆናል። የበጌምድርና የጎጃም ገበሬ ግን ልኬቱን አጥብቆ ተቃወመ። ገመድ ከተጣለ ግብር ይጨመራል፣ ርስትም ይነጠቃል ብሎ ፈራ። እኔ ይህን ኋላ ቀርነት ነው ለማለት አልደፍርም። ድንበሩን በአያቶቹ ስም ለሚያውቅ ሰው ገመዱ እንግዳ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ። ዛሬ ቀያሹ ጂፒኤስ ይዞ ይመጣል፣ ችካል ይተከላል። ከተማ ውስጥ «ካርታ አለው ወይ?» ሲባል የሚጠየቀው የይዞታ ማረጋገጫው ነው። ገጠር ወርዳችሁ ግን የአንዱን ገበሬ የይዞታ ደብተር ግለጡት። የአዋሳኞቹ ስም ተጽፎበታል፤ በዚህ በኩል እገሌ፣ በዚያ በኩል እገሌ።

ሌላም አለ። የጎንደር አድባራት የመሬት ስጦታ በቅዱሳን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ይጻፍ ነበር። ከነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹን አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዘረፋቸው፤ ዛሬ ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ መጻሕፍት ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የእነሱ ነገር በተነሳ ቁጥር ከጎንደር ሽማግሌዎች አንዱ «ርስት በሺህ ዓመቱ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌሎቹ አብረው ይጨርሱለታል።