የናሚቢያ አገርነት ሕጋዊ ምንጭ፦ ከሞግዚትነት እስከ ነጻነት

ናሚቢያ ነጻነቷን ያወጀችው ማርች 21 ቀን 1990 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አገርነቷ በሕግ ዓይን ከመቼ ይጀምራል የሚለው ግን የሕግ ምሁራንን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። ክርክሩ የተካሄደው በአብዛኛው ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በዋናው ሙግት ከሳሽ ሆነው የቆሙት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነበሩ።

ግዛቱ ከ1884 ጀምሮ የጀርመን ቅኝ ነበር። ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የዘር ማጥፋት ተፈጽሞበታል። በ1915 የደቡብ አፍሪካ ጦር ጀርመኖችን አሸንፎ ያዘው።

በዲሴምበር 1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን (የኋላዋን ናሚቢያን) በሞግዚትነት ሰጠ፤ በብሪታንያ ንጉሥ ስም የምታስተዳድረውም ደቡብ አፍሪካ ሆነች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 22ኛ አንቀጽ የእነዚህን ሕዝቦች ደኅንነትና ዕድገት «የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ግዛቱ በሦስተኛው የሞግዚትነት ደረጃ ስለተመደበ፣ ሞግዚቷ እንደ ገዛ ምድሯ ክፍል በራሷ ሕግ እንድታስተዳድረው ተፈቀደላት። የኋላው ጠብ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ውሉ አደራ ተቀባይዋን እንደ ባለቤት እንድትኖር ፈቅዶላት ነበርና።

ማኅበሩ በ1946 ሲፈርስ ደቡብ አፍሪካ ግዛቱን ከራሷ ጋር ለመቀላቀል ጠየቀች፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አልተቀበላትም። እርሷም በበኩሏ ግዛቱን በአዲሱ የባለአደራነት ሥርዓት ሥር አላስገባም አለች። መከራከሪያዋ አደራ የሰጠው ማኅበር ስለሌለ አደራውም የለም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1950 በሰጠው የምክር አስተያየት ሞግዚትነቱ እንዳልተቋረጠ፣ ደቡብ አፍሪካም የግዛቱን አቋም ብቻዋን መለወጥ እንደማትችል ገለጸ። በዚያው ጉዳይ ዳኛ ማክኔር በተለየ አስተያየታቸው የግዛቱ ሉዓላዊነት በእንጥልጥል ያለ መሆኑን፣ ነዋሪዎቹ ነጻ መንግሥት ሲያቆሙ ግን ሕይወት ዘርቶ የእነርሱ እንደሚሆን ጻፉ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ የክርክሩ ምሰሶ ነው።

የምክር አስተያየት አያስገድድምና አስገዳጅ ፍርድ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። የሞግዚትነቱ ሰነድ 7ኛ አንቀጽ ሞግዚቷን በፍርድ ቤት የመሞገትን መብት የሰጠው ለማኅበሩ አባላት ነው። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ አባል ነበረች፤ ላይቤሪያም ከምሥረታው። በጁን 1960 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ሐሳቡን ደገፉት፤ ሁለቱ አገሮች ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ክሱን መሠረቱ። ኢትዮጵያን በ1935 ከወረራ ያላዳናት አባልነት፣ ከ25 ዓመት በኋላ ለሌላ የተበደለ ሕዝብ የሙግት በር መክፈቱ ሊዘነጋ የማይገባው ታሪክ ነው።

በ1962 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው በ8 ለ7 ድምፅ ወሰነ። ጁላይ 18 ቀን 1966 ግን ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ በሰር ፐርሲ ስፔንደር ወሳኝ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ምክንያቱ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላሳዩም የሚል ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሙግት ደቡብ አፍሪካ በግዛቱ ያሰፈነችውን የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ) ሥርዓት ሕጋዊነት ሳይነካ ተዘጋ። ውሳኔው ፍትሕ የጎደለው እንደነበር መናገር ያስፈልጋል፤ ዳኛ ጄሳፕና ዳኛ ታናካም በልዩነት ሐሳባቸው በሰፊው ተቃውመውታል።

ሆኖም ክሱ ከንቱ አልቀረም። በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን የነጻነት ንቅናቄው የስዋፖ ተዋጊዎች የትጥቅ ትግሉን ጀመሩ። ኦክቶበር 27 ቀን ጠቅላላ ጉባኤው በ114 የድጋፍ ድምፅ፣ በ2 ተቃውሞና በ3 ድምፅ ተአቅቦ ሞግዚትነቱን ሻረ። በ1967 ግዛቱን የሚያስተዳድር ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ1968 «ናሚቢያ» የሚለው ስም ጸደቀ። ፍርድ ቤቱም በ1971 የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገወጥ መሆኑን በ13 ለ2 ድምፅ አስታወቀ።

ታዲያ አገርነቱ የተወለደው መቼ ነው? አንዳንዶች የ1966ቱን ሽረት መነሻ ያደርጋሉ፤ ሌሎች ከማክኔር ሐሳብ ተነሥተው ሉዓላዊነቱ ቀድሞም የሕዝቡ ነበር ይላሉ። ነገሩን የሚያወሳስበው ናሚቢያ ነጻ ሳትወጣ የአገር ሥራ መሥራቷ ነው፤ በ1978 የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ሆናለች፣ የባሕር ሕግ ስምምነቱንም በምክር ቤቱ በኩል በ1983 አጽድቃለች። በጥቅሉ ሲታይ የሁለተኛው ወገን ክርክር የሚያመዝን ይመስላል፤ ያልነበረ ሉዓላዊነት አደራ ሊሆን አይችልምና።

በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 435 መሠረት በኖቬምበር 1989 ምርጫ ተካሄደ፤ ስዋፖ ከ72 መቀመጫዎች 41ዱን አገኘ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1990 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። 145ኛው አንቀጹ ከሕገ መንግሥቱ አንዳች ቃል የደቡብ አፍሪካን አስተዳደር እንደሚቀበል ተደርጎ እንዳይተረጎም ይከለክላል፤ 140ኛው ደግሞ የነበሩት ሕጎች እስኪሻሩ ወይም እስኪሻሻሉ እንዲሠሩ ያደርጋል።

ብሪታንያ በ1878 የያዘችው የዋልቪስ ቤይ ወደብ የሞግዚትነቱ አካል ስላልነበር ለናሚቢያ የተመለሰው በማርች 1994 ነው። የደቡቡን ድንበር ሕገ መንግሥቱ በኦሬንጅ ወንዝ መካከል ያደርገዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ግን የ1890ውን የብሪታንያና የጀርመን ስምምነት ይዛ ድንበሩ የወንዙ ሰሜን ዳርቻ ነው ትላለች።