ለጥጃ እርጎ መስጠት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ፣ ቆጪም ሆነ ወደ ጅሬን ስትወጡ፣ ሁለት ሦስት ዲቃላ ላም ከሚያረባ ሰው ጋር ስለ ጥጃ ካወራችሁ “ካስቀመጠው እርጎ ጋተው” መባሉ አይቀርም። ምክሩ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እርጎ ውስጥ ያሉት ሕያው ተሕዋስያን ለአንጀት እንደሚበጁ ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለው ሳይንቲስት ከተናገረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ፕሮባዮቲክ የምንለው ነገር መነሻውም እሱ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እርጎውን የማይችለውን ሥራ እናሸክመዋለን። እኔም በዚህ እምነት አንዲት ጥጃ ቀብሬያለሁና የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሣ።

“እርጎ ተቅማጥ ያቆማል”

ጥጃዋ ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ሲያስቀምጣት ወተት ከለከልኳት፤ ጠዋትና ማታ እርጎ ብቻ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘኋት። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ አፏ ቀዝቅዟል፣ ጣቴንም አልጠባችም። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ የአንገቷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው አልተመለሰም፣ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ። “የጨረሳት የውሃ ማጣት ነው” አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

የጥጃ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሮታቫይረስ፣ ከኮሮናቫይረስ፣ ከክሪፕቶስፖሪዲየም ወይም ከኢ. ኮላይ ከሚባሉ ጀርሞች ነው። እርጎ እነዚህን አንጀት ውስጥ ገብቶ የሚያጠፋ መድኃኒት አይደለም። ጥጃውን የሚገድለው ደግሞ በተቅማጡ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ እሱ ቶሎ መተካት አለበት። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ካለ በታዘዘው ልክ በጥብጡ። ከሌለ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። በቀን ደጋግማችሁ ስጡ፣ ወተቱንም አታቋርጡ፤ ሁለቱን ግን ሳትቀላቅሉ በተለያየ ሰዓት ስጡ። ጥጃው መቆም ወይም መጥባት ካቃተው ፈሳሽ በደም ሥር ካልተሰጠው አይድንም፣ ሐኪም ጥሩ።

“እንገር ሆድ ያበላሻል፣ እርጎ ይሻለዋል”

ይህን ስሰማ ከሁሉ በላይ አዝናለሁ፤ ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግብርና ትምህርት ቤት ባለባት ከተማ እንገር መሬት ላይ ሲደፋ አይቻለሁ። የላም እንግዴ ልጅ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገር ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ጥጃ ባዶ እጁን ይወለዳል፤ የእናቱን መከላከያ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ያንን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። 30 ኪሎ የሚመዝን ዲቃላ ጥጃ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ያህል ማግኘት አለበት። ያመለጠውን እንገር በኋላ የሚሰጥ እርጎ አይተካውም። የተረፈ እንገር ካለ ግን አትድፉት፤ በንጹሕ ዕቃ ጎምዝዞ ከዋለ በኋላ በውሃ ቀጠን ተደርጎ ከፍ ላሉት ጥጆች ይሆናል።

“እርጎም፣ አሬራም፣ አጓትም ያው ናቸው”

አይደሉም። እርጎ (ኦሮሞ ጎረቤቶቼ ኢቲቱ የሚሉት) ተሕዋስያኑ በሕይወት ያሉበት ሙሉ ወተት ነው። አሬራ ቅቤው ወጥቶለታል፤ ጥጃ በአሬራ ብቻ ካደገ ጉልበት ያንሰዋል፣ ይከሳል። አጓት ደግሞ አይብ ሲነጠር የሚቀር ነው፤ አይብ ለማውጣት አሬራው በደንብ ከሞቀ አብዛኞቹ ተሕዋስያን እሳቱ ላይ አልቀዋል። ስኳርና ፕሮቲን አለውና አይጣልም፣ ግን ፕሮባዮቲክ ብላችሁ አትቁጠሩት። አተላማ አልኮል አለበት፣ ለጥጃ አይነሣም።

“ከጎመዘዘ ንጹሕ ነው”

ጉምዛዜ ብዙ ጀርም ያዳክማል፤ በወይራ የታጠነ ዕቃም ይረዳል። የብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ጀርሞች ግን በጥሬ ወተት እርጎ ውስጥ ቀናት ሊቆዩ ይችላሉ፣ ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። እኔ አሁን ወተቱን አፍልቼ፣ ለብ ሲል ከጥሩ እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ ነው የማረጋው። ጡቷ ከታመመና መርፌ ከተወጋች ላም የታለበ ወተት አይጠቀሙበትም። አንቲባዮቲኩ ወተቱ ውስጥ ስላለ ብዙ ጊዜ አይረጋም፤ አልረጋ ያለ ወተት ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ላሟ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ ጠይቁ።

“ለአሳማ ግልገል ከሠራ ለጥጃም ይሠራል”

ይህን ወጣቶቹ ከስልካቸው ያመጡታል። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክ ለዕድገት ማፋጠኛ እንዳይሰጥ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ከከለከለ ወዲህ በአሳማ ግልገሎች ላይ ስለ ፕሮባዮቲክ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። እዚያ ግልገሎቹ በሦስት በአራት ሳምንታቸው ጡት ጥለው በድንገት ወደ ደረቅ መኖ ስለሚገቡ ተቅማጥ ይበዛባቸዋል። በእነሱም ላይ ቢሆን ውጤቱ በተሰጠው ተሕዋስ ዓይነት ይለያያል። የአሳማ ጨጓራ አንድ ክፍል ነው፤ የጥጃ አራት። ጥጃ ሲጠባ ጉሮሮው ሥር ያለው ቦይ ጠርዞቹ ገጥመው እንደ ቧንቧ ይሆንና ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ አራተኛው ክፍል ይገባል። ስለዚህ በአሳማ ላይ የታየው ለጥጃ ማረጋገጫ አይሆንም።

“ካልጠጣ በጠርሙስ መጋት ነው”

ጥጃን አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ በጠርሙስ እርጎ ሲያንቆረቁሩ ፈሳሹ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ወፍራም እርጎ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ይከተላል። ጭንቅላቱን ከጀርባው ብዙም ከፍ ሳታደርጉ ጣታችሁን እርጎ ነክራችሁ አጥቡት፤ መሳብ ሲጀምር ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ባልዲው ዝቅ አድርጉ። ጣት ካልሳበ ምንም ነገር አፉ ውስጥ አታፍስሱ።